ስለ መኝታ፤ በጥቂት ገንዘብ ተደራራቢ ፍራሽ በቤት ስለ መሥራት

በዚህ ዐምድ ባለፉት ወራት ስለ እህል አቀማመጥና ስለ መጠጥ ውሃ ንጽሕና ስንነጋገር ቆይተናል። በዚህ ወር ደግሞ ብዙ ሰው ሳያስብበት የሚያልፈውን ነገር፥ ይኸውም መኝታን፥ ልናነሣ ወደድን። ሰው በየሌሊቱ 8 ሰዓት የሚተኛ ቢሆን የዕድሜውን ሢሶ በመኝታው ላይ ያሳልፋል። 60 ዓመት የኖረ ሰው 20 ዓመቱን ተኝቶ ኖሯል ማለት ነው። ስለ በዓል ልብሳችንና ስለ ጫማችን ይህን ያህል ስንጨነቅ፥ 20 ዓመት ጀርባችንን ስለምናሳርፍበት ነገር መርምረን አለመጠየቃችን የሚያስገርም ነው።

ይህን እንድንጽፍ ምክንያት የሆነን በነቀምቴ ከተማ በበከኒሳ ቀሴ ሰፈር ከሚኖሩ አንዲት እናት የደረሰን ጥያቄ ነው። እኚህ እኅታችን እንዲህ ይላሉ፤ «ባለቤቴና እኔ አራት ልጆች አሉን። ሁለቱ ትንንሾች ከእኛ ጋር በአንድ አልጋ፥ ሁለቱ ትልልቆች ግን መሬት ላይ በተዘረጋ ኬሻ ይተኛሉ። አሁን ዕቁብ ወጥቶልናል። ባለቤቴ ገንዘቡን ሁሉ አውጥተን ርዝመቱ 190፥ ወርዱ 150፥ ውፍረቱ 20 ሳንቲ ሜትር የሆነ አንድ ትልቅ የስፖንጅ ፍራሽ እንግዛ ይላል፤ የጎረቤቶቻችንም ቤት እንዲሁ ነው። እኔ ግን የልጆቹ መሬት ላይ መተኛት እንቅልፍ ይነሣኛል። ምን ትመክሩናላችሁ?»

ጥያቄው የአንድ ቤት ብቻ አይደለም። ነቀምቴ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተመሠረተች፥ ዝናብ የማይሰስትባት ከተማ ናት። በከኒሳ ማለት እንኳ በኦሮምኛ ብሳና የምንለው ዛፍ ነው፤ ብሳናም ዝናብ የማያጣው አገር ዛፍ ነው። ክረምት በገባ ጊዜ የጭቃ ቤት ወለልና ግድግዳ እርጥበቱን ይስባል፤ በወለሉ ላይ የተዘረጋው ኬሻም ከታች ይረጥባል፤ በላዩ የሚተኛው ልጅ ሲያስለውና ሲያነፍጠው ይከርማል። በነጆና በጊምቢ፥ በደምቢ ዶሎና በመንዲ፥ ይልቁንም ብርዱ በሚበረታባት በሻምቡ ያሉ አንባቢዎቻችን ይህን ሳንነግራቸው ያውቁታል። ደግሞም በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ ከካማሺ ዞን የተፈናቀሉ ብዙ ሺህ ሰዎች ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ ወለጋ በገቡ ጊዜ፥ ነቀምቴም ብዙዎችን ተቀብላለች። ዘመዱን ተቀብሎ ቤቱን ያካፈለ ሰው፥ የመኝታ ነገር እንደ ምግብና እንደ ልብስ ያለ ችግር መሆኑን ያን ጊዜ ተረድቶታል።

መልሳችንን አስቀድመን እንናገር። እኅታችን ትልቁን ፍራሽ አይግዙ፤ ያንኑ የሚያህል ስፖንጅ በሦስት ከፍለው ለሦስት አልጋ ያድርጉት። የባለቤታቸው አሳብ ቤትን ከማክበር የመነጨ ነውና አንነቅፈውም፤ ሆኖም አባቶቻችን «እንደ ቤትህ እንጂ እንደ ጎረቤትህ አትኑር» ያሉት ለእንዲህ ያለው ጊዜ ነው። ሒሳቡን እንመልከት። ርዝመቱ 190፥ ወርዱ 150፥ ውፍረቱ 20 ሳንቲ ሜትር የሆነ ስፖንጅ መጠኑ 0.57 ሜትር ኩብ ነው። ርዝመቱ 190፥ ወርዱ 90፥ ውፍረቱ 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ የልጆች ፍራሽ ደግሞ 0.171 ሜትር ኩብ ይሆናል። የሁለቱ አልጋ ሲደመር 0.342 ነው። ይህ ከ0.57 ሲቀነስ 0.228 ይቀራል፤ ይህም ለአባትና ለእናት ርዝመቱ 190፥ ወርዱ 120፥ ውፍረቱ 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ ፍራሽ ልክ ይወጣዋል። የስፖንጅ ዋጋ ከሞላ ጎደል ከክብደቱ ጋር የሚሄድ ስለ ሆነ፥ ለአንድ አልጋ የታሰበው ገንዘብ ከጨርቁና ከእንጨቱ በቀር ለሦስት አልጋ ይበቃል ማለት ነው። ልጆቹም ሁለት ሁለት ሆነው ከመሬት ይነሣሉ።

«ነገር ግን 10 ሳንቲ ሜትር ስስ አይደለምን?» የሚል ሰው ይኖራል። ብቻውን ቢሆን በእውነት ስስ ነው። ስለዚህ ነው ስለ መደራረብ የምንናገረው።

የቀድሞው መኝታችን እንዴት ነበር?

መደራረብ ከውጭ አገር የመጣ ብልሃት አይደለም። አያቶቻችን የተኙበትን ጠፍር አልጋ እናስታውስ። በአራት እግር ላይ በቆመው እንጨት ውስጥ እርጥብ የቆዳ ጠፍር እየተጠላለፈ ይወጠራል፤ ሲደርቅም ይጠነክራል፤ ሰው ሲተኛበትም በልክ እየረገበ ይሸከመዋል። በጠፍሩ ላይ ሰሌን ወይም ጅባ፥ በዚያ ላይ ቁርበት፥ በቁርበቱ ላይ አጎዛ ይነጠፋል። በኦሮምኛ ኢቲሌ የሚባለው ቁርበትም በወለጋ ቤቶች ይህንኑ አገልግሎት ሲሰጥ የኖረ ነው። አስተውለን እንደ ሆነ ሥርዓቱ ግልጽ ነው፤ ከታች የሚሸከም፥ በመካከል የሚያደላድል፥ ከላይ የሚያለሰልስና የሚያሞቅ። አጎዛውን ከታች፥ ሰሌኑን ከላይ ያነጠፈ ሰው አልነበረም። ዛሬ ሦስት ዓይነት ስፖንጅ ደራርበው ውድ ፍራሽ የሚሠሩ ፋብሪካዎች የሚከተሉት ሥርዓት ይኸው ነው።

በዐቢይ ጾም አራተኛው እሑድ በመጻጉዕ የምናስበው፥ 38 ዓመት የታመመው ሰው፥ በተፈወሰ ጊዜ አልጋውን ተሸክሞ ሄደ። ሰው ብቻውን ሊሸከመው የሚችል መኝታ የነበረ መሆኑን ከዚህ እንረዳለን። እኛም በቤታችን የምንሠራው ፍራሽ አንዲት እናት ብቻዋን አንሥታ የምታናፍሰው ቢሆን ይሻላል። በአንድ ወጥ የተሠራ ከባድ ፍራሽ ግን አንድ ጊዜ ከተቀመጠ በኋላ የሚያነሣው ስለማይገኝ ከሥሩ ይሻግታል።

ስፖንጅ ምንድን ነው?

ስፖንጅ የምንለው ፖሊዩሬቴን ከሚባል ነገር የሚሠራ ነው። ይህን ነገር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1937 ዓ.ም. በጀርመን አገር በሌቨርኩዘን ከተማ ኦቶ ባየር የተባሉ የኬሚስትሪ ሊቅ ከረዳቶቻቸው ጋር አገኙት፤ ለፍራሽ የሚሆነው ለስላሳው ዓይነት በብዛት መሠራት የጀመረው ግን በ1950ዎቹ ዓመታት ነው። አሠራሩ የዳቦ ሊጥን ይመስላል። ሁለት ፈሳሾች ከጥቂት ውሃ ጋር ሲደባለቁ በውስጣቸው አየር ይፈጠራል፤ አየሩም ፈሳሹን ኩፍ አድርጎ ያነሣዋል፤ ወዲያውም እንደ ነፋው ይጠነክራል። ዳቦን የሚያነሣው አየርና ይህን የሚያነሣው አየር አንድ ዓይነት ነው።

እንግዲህ ከዚህ የምንማረው ነገር አለ። ብዙ አየር ይዞ የተነፋ ዳቦ ሲያዩት ትልቅ ነው፤ በእጅ ሲይዙት ግን ቀላል ነው፤ ቶሎም ይሟሽሻል። ስፖንጅም እንዲሁ ነው። ጥሩነቱ በውፍረቱ ሳይሆን በክብደቱ ይለካል። ነጋዴዎች «ዴንሲቲ» የሚሉት አንድ ሜትር ኩብ ስፖንጅ ስንት ኪሎ እንደሚመዝን የሚናገር ቁጥር ነው። «ዴንሲቲው 25 ነው» ቢሉን፥ አንዱ ሜትር ኩብ 25 ኪሎ ይመዝናል ማለታቸው ነው። 20 እና ከዚያ በታች የሆነው ለሰው ከባድ ሰውነት ቶሎ ይጎደጉዳል፤ ለልጆች 25 ያህል፥ ለትልልቅ ሰዎች ወደ 30 የሚጠጋ ቢሆን ዕድሜ አለው።

በገበያ ላይ ቁጥሩን ቃል ብቻ ሰምቶ ማመን አያስፈልግም፤ ሚዛን አለና። ርዝመቱ 190፥ ወርዱ 90፥ ውፍረቱ 10 ሳንቲ ሜትር የሆነው ስፖንጅ ዴንሲቲው 20 ከሆነ 3 ኪሎ ከ400 ግራም፥ 25 ከሆነ 4 ኪሎ ከ300 ግራም፥ 30 ከሆነ 5 ኪሎ ከ100 ግራም ያህል ይመዝናል። ወርዱ 120 የሆነው ደግሞ በ25 ዴንሲቲ 5 ኪሎ ከ700 ግራም፥ በ30 ዴንሲቲ 6 ኪሎ ከ800 ግራም ያህል ይሆናል። ስፖንጁን ጠቅልሎ በማሰር በቡና ወይም በእህል ሚዛን ላይ መስቀል ነው። ልብሱ ተሰፍቶለት የመጣ ከሆነ የልብሱ ክብደት እንዳያታልለን ዚፑን ከፍተን ውስጡን እንይ። ክብደት የሌለው ስፖንጅ «30 ነው» ቢባል የሚያምን ሰው፥ ጎደሎ ቁና በሙሉ ዋጋ እንደሚገዛ ያለ ነው።

ደግሞ ክብደትና ጥንካሬ አንድ አለመሆናቸውን እናስተውል። ቀላል ሆኖ በእጅ ሲጫኑት የሚደርቅ ስፖንጅ አለ፤ ከባድ ሆኖ የሚለሰልስም አለ። ጥንካሬውን ለማወቅ መዳፍን ሳይሆን ጉልበትን አሳርፎ መጫን ይሻላል፤ ጉልበታችን እስከ ታችኛው ጣውላ ከወረደ ለመካከለኛው ንጣፍ አይሆንም።

ወገባቸውን የሚያማቸው ሰዎች «ጣውላ ላይ ተኛ» ሲባሉ ብዙ ጊዜ እንሰማለን። ይህ ምክር ፍጹም እውነት አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2003 ዓ.ም. የታተመ፥ በእስፓኝ አገር የተደረገ ጥናት፥ የቆየ የወገብ ሕመም ያለባቸውን 313 ሰዎች ከፍሎ አንዳንዶቹን በደረቅ፥ አንዳንዶቹን በመካከለኛ ፍራሽ ላይ ለ90 ቀን አስተኝቷቸው ነበር። የተሻላቸው በመካከለኛው ላይ የተኙት ሆነው ተገኙ። ምክንያቱም የሰው ጀርባ ቀጥ ያለ እንጨት አይደለም፤ ትከሻና ዳሌ ጥቂት ሊሰምጡ፥ ወገብ ደግሞ ድጋፍ ሊያገኝ ያስፈልጋል። በጣም የለሰለሰ ፍራሽ ሰውን እንደ ጉድጓድ ይውጠዋል፤ በጣም የደረቀ ደግሞ ወገቡን በአየር ላይ ያንጠለጥለዋል። ደረቁን ከታች፥ ለስላሳውን ከላይ መደራረብ ሁለቱን ያስታርቃል።

የአሠራሩ ተራ

1ኛ. ርብራቡ። ፍራሽ በመሬት ላይ አይቀመጥ። ከባሕር ዛፍ ጣውላ ወይም ከተላገ አጣና አልጋውን ሁለት ስንዝር ያህል ከወለሉ ከፍ አድርጎ መሥራት፥ በርብራቡ መካከል ያለው ክፍተትም ከ7 ሳንቲ ሜትር እንዳይበልጥ መጠንቀቅ ነው። ክፍተቱ ከሰፋ ስፖንጁ በመካከሉ እየገባ ይቆረጣል፤ ጨርሶ ከተደፈነ ደግሞ አየር አይገባም። ሰው በሌሊት በላቡና በእስትንፋሱ የሚያወጣው እርጥበት ወደ ታች ይወርዳልና መውጫ ይሻል። አልጋው ከጭቃው ግድግዳም አንድ ስንዝር ይራቅ።

2ኛ. የታችኛው ንጣፍ። በወለጋ የቡና ጆንያና የጤፍ ጭድ የማይገኝበት ቦታ ጥቂት ነው። ሁለት ሦስት ጆንያ ተርትሮ በአልጋው ልክ መስፋት፥ ከተሰፋም በኋላ በጭድ መሙላት ነው። የበቆሎ አገር የሆኑ ሰዎች የበቆሎውን ደረቅ ልባስ በቁመቱ እየሰነጠቁ ቢሞሉት ከጭድ ይልቅ ይበረክታል፤ አቧራውም ያነሰ ነው። ጭዱ ጤፍ በሚወቃበት በበጋው ወራት የተገኘ፥ በፀሐይም ሦስት አራት ቀን የደረቀ ይሁን። እርጥበት ያለው ጭድ ይሻግታል፤ የሻገተ ጭድም የሳንባ ጠላት ነው። በአንድ ሳምንት ውስጥ ስለሚጫን ከሚፈለገው ውፍረት እጥፍ ያህል መሙላት ይገባል። ከዚያም በጆንያ መርፌና በሲባጎ ከላይ እስከ ታች በየስንዝር ተኩል እያሳለፉ መውጋት፥ ሲባጎው ጆንያውን እንዳይቀድም በየቋጠሮው ላይ ቁራጭ ቆዳ ወይም ጨርቅ ማግባት ነው። ይህ ካልተደረገ ጭዱ ወደ ዳርና ወደ እግርጌ ሸሽቶ መካከሉ ባዶ ይቀራል።

3ኛ. መካከለኛው ንጣፍ። 10 ሳንቲ ሜትር የሆነው ጠንካራ ስፖንጅ ይህ ነው፤ ገንዘባችንንም የምናውለው በዚህ ላይ ነው። በልኩ የተቆረጠ ካልተገኘ፥ ጠርዙን በቀጥታ ጣውላ እያሰመሩ በረጅምና በተሳለ ቢላዋ መቁረጥ ይቻላል። ቢላዋውን በኃይል መጫን ስፖንጁን ያጣምመዋል፤ በቀስታ እየመላለሱ መሳብ ነው። የሚቆረጠውም ከልብሱ ልክ በአንድ ሳንቲ ሜትር ይብለጥ፤ ያን ጊዜ ልብሱ ሳይጨማደድ ይወጠራል።

ሙሉ ስፖንጅ ለመግዛት አቅም ያልፈቀደለት ሰው ከሶፋ ሠሪዎች ዘንድ ቁርጥራጭ ያገኛል። ውፍረታቸው አንድ የሆነውን ብቻ መርጦ በማስቲሽ ማጣበቅ ነው። ማስቲሹ በሁለቱም ፊት ይቀባል፤ በእጅ ሲነኩት ክር መሳብ እስኪያቆም ይጠበቃል፤ ከዚያ በኋላ ይገጠማል። ሥራው በደጅ ወይም በርና መስኮት ተከፍቶ ይሁን፤ በአጠገቡም እሳት አይኑር፤ ሽታውም እስኪጠፋ ሁለት ሦስት ቀን ይናፈስ። መጋጠሚያው በትከሻና በዳሌ በኩል እንዳይውል ትልልቁን ቁራጭ በመካከል፥ ትንንሹን በራስጌና በግርጌ ማድረግ ይገባል።

4ኛ. የላይኛው ንጣፍ። አቅም ያለው 5 ሳንቲ ሜትር የሆነ ለስላሳ ስፖንጅ ይጨምር። አቅም የሌለው ደግሞ ያረጀ ብርድ ልብስ ወይም ያለቀ ጋቢ ሁለት ሦስት አጥፎ በአቡጀዲ መካከል አግብቶ በሰፊው ቢወጋው፥ ለደጋ ብርድ ከስፖንጅ ይልቅ ይሞቃል። የፈተሉ እናቶች ባሉበት ቤት የተባዘተ ጥጥ ከሁሉ ይበልጣል።

እነዚህን ንጣፎች እርስ በርሳቸው በማስቲሽ ማጣበቅ አይገባም። የመደራረብ ጥቅሙ በመለያየቱ ነው። ፍራሽ አስቀድሞ የሚጎደጉደው በመካከሉ ነውና፥ ንጣፎቹ ከተለያዩ ራስጌውን ወደ ግርጌ ማዞር፥ የተጎዳውን ብቻ ለይቶ መለወጥ፥ ጭዱን በየዓመቱ በአዲስ መተካት ይቻላል። አንድ ወጥ ፍራሽ ግን መካከሉ ሲበላሽ ሁሉም ይጣላል።

5ኛ. ልብሱ። ለ90 ሳንቲ ሜትር አልጋ፥ 10 እና 5 ሳንቲ ሜትር የሆኑት ሁለት ንጣፎች በአንድ ልብስ ሲገቡ፥ ርዝመታቸው 190 ወርዳቸው 90 የሆኑ ሁለት ጨርቆችና ርዝመቱ 5 ሜትር ከ60፥ ቁመቱ 15 ሳንቲ ሜትር የሆነ የዙሪያ መቀነት ያስፈልጋል። በየዳሩ ለስፌት አንድ ተኩል ሳንቲ ሜትር ይጨመር። አቡጀዲ በመጀመሪያው እጥበት ስለሚሰበሰብ ሳይቆረጥ በፊት በውሃ ነክሮ ማድረቅ የግድ ነው። በአንድ በኩል ዚፕ ወይም የጨርቅ ማሰሪያ ይሁንለት፤ የማይወልቅ ልብስ የማይታጠብ ልብስ ነው።

ስለ አያያዙ

በየሳምንቱ አንድ ቀን አንሶላውን አንሥቶ ፍራሹን በአልጋው ላይ በጎኑ ማቆም፥ መስኮቱንም ከፍቶ ማናፈስ ይበቃል። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚስቱት ነገር አለ። ጭዱንና ልብሱን ፀሐይ ይጠቅማቸዋል፤ ስፖንጁን ግን ፀሐይ ይጎዳዋል። በፀሐይ የዋለ ስፖንጅ ቢጫ ይሆናል፤ ቆይቶም እንደ ደረቀ ዳቦ ይፈረፈራል። ስለዚህ ስፖንጅ በጥላና በነፋስ ይናፈስ። በውሃ መዘፍዘፍም አይገባም፤ ውስጡ ሳይደርቅ ይሸታልና። የቆሸሸውን ቦታ ብቻ በሳሙና አጥቦ፥ በጨርቅ ተጭኖ ማድረቅ ነው።

አልጋ ላይ የሚሸኑ ሕፃናት ላሉበት ቤት ፍራሹን በሙሉ በላስቲክ መጠቅለል አይበጅም፤ ላብን አምቆ ያሻግተዋልና። በመካከሉ ብቻ ሁለት ክንድ ሙሻማ ከአንሶላው በታች ማንጠፍና ጧት ማንሣት ይሻላል።

ትኋን የገባ እንደ ሆነ ልብሱን በፈላ ውሃ ማጠብ፥ ጭዱን አውጥቶ ማቃጠል፥ የአልጋውን መጋጠሚያ በፈላ ውሃ ማጠብ፥ የስፖንጁን ጠርዝና የልብሱን ስፌት በየቀኑ መመርመር ነው። ለእርሻ የተሠራ መርዝ በመኝታ ላይ መርጨት ትኋኑን ከማጥፋቱ በፊት ልጁን ሊጎዳ ይችላል። ነጭ ጋዝ መቀባት ደግሞ ቀጥለን ከምንናገረው የከፋ አደጋ ጋር ይገናኛል።

ሊታለፍ የማይገባ ጥንቃቄ

ስፖንጅ እሳት ይወዳል። ቁርበትና አጎዛ እሳት ሲነካቸው እያረሩና እየሸቱ ያስጠነቅቃሉ፤ ስፖንጅ ግን እየቀለጠ ፈጥኖ ይነዳል፤ ጥቁር ጭሱም ካርቦን ሞኖክሳይድና ሳያናይድ የሚባሉ መርዞች አሉበት። በእንዲህ ያለ እሳት ብዙውን ጊዜ ሰውን የሚገድለው ነበልባሉ ሳይሆን ጭሱ ነው፤ ለዚያውም ከእንቅልፉ ሳይነቃ። ስለዚህ በስፖንጅ ላይ የሚተኛ ቤተሰብ የአያቶቹን ልማድ እንዳለ ይዞ ሊቀጥል አይችልም። በጸሎት ጊዜ የሚበራ ጧፍ በአልጋው ራስጌ አይለጠፍ፤ ከመኝታው ርቆ በሸክላ ወይም በብረት ማስቀመጫ ላይ ይቁም፤ ከመተኛትም በፊት ይጥፋ። መብራት ሲጠፋ የሚለኮሰው ኩራዝ በአልጋ አጠገብ አይቀመጥ። የከሰል ምድጃም ለሙቀት ብሎ በተዘጋ መኝታ ቤት ማሳደር አይገባም፤ ስፖንጁን ባያቃጥል እንኳ ጭስ የሌለው መስሎ በመርዙ ይገድላል። ስፖንጅ ርካሽ ነው ብለን ስንገዛ ይህን ጥንቃቄ የዋጋው ክፍል አድርገን እንቍጠረው።

ሁለተኛው ጥንቃቄ ስለ ሕፃናት ነው። አንድ ዓመት ያልሞላው ሕፃን በለስላሳው ንጣፍ ላይ አይተኛ። ፊቱ በለስላሳ ነገር ውስጥ ቢገባ አንገቱን አቅንቶ ለመውጣት አቅም የለውምና ትንፋሹ ይታፈናል። ለእርሱ ጠንካራና ደልዳላ ንጣፍ፥ የተወጠረ አንሶላ፥ ያለ ትራስ፥ በጀርባው ማስተኛት ይበቃዋል። እናት ለልጇ የሚመች መስሏት ለስላሳውን መምረጧ ከፍቅር ነው፤ ነገር ግን በዚህ ነገር ድሎቱ አደጋ ነው።

ሦስተኛው፥ የአልጋ ቁራኛ ስለ ሆኑ ሽማግሎችና በሽተኞች ነው። ሳይንቀሳቀስ የሚተኛ ሰው አጥንቱ ከመኝታው ጋር በሚገናኝበት ቦታ፥ ይኸውም በጅራታ አጥንቱ፥ በዳሌው፥ በተረከዙና በትከሻው፥ ደም መዘዋወሩን ያቆማል፤ ቆዳውም ይሞታል፤ ቁስልም ይሆናል። ለእንዲህ ያለው ሰው ከላይ 5 ሳንቲ ሜትር ለስላሳ፥ ከታች 10 ሳንቲ ሜትር ጠንካራ ስፖንጅ የተደራረበ ፍራሽ ትልቅ ርዳታ ነው። ሆኖም ፍራሽ ብቻውን አያድንም። በየሁለት ሰዓቱ ገደማ ከጎን ወደ ጎን ማገላበጥ፥ ተረከዙን በተጠቀለለ ጨርቅ ከፍ ማድረግ፥ ገላውን አድርቆ መያዝ፥ ቆዳውንም በየቀኑ መመልከት ያስፈልጋል። መልኩ የተለወጠ ቦታ ታይቶ፥ ጫናው ከተነሣለትም በኋላ ካልተመለሰ፥ ሳይቈስል ለጤና ባለሙያ ማሳየት ነው።

በእንዲህ ያለ ሕመም የተያዘ ጎረቤት ያለው ሁሉ አንድ ነገር ያስብ። ፍራሽ መግዛት ለአንድ ቤት ይከብድ ይሆናል፤ አንድ ፍራሽ መሥራት ግን ለአንድ ጽዋ ማኅበር የአንድ ቅዳሜ ሥራ ነው። አንዱ ስፖንጁን፥ አንዱ አቡጀዲውን ቢያመጣ፥ ልብስ ሰፊው ጉልበቱን ቢሰጥ፥ ወጣቶቹ ርብራቡን ቢመቱ፥ ማታውን ሽማግሌው በደረቅና በለሰለሰ መኝታ ላይ ያድራሉ። አገራችን ለማጨድና ለመውቃት ደቦ የምትወጣ አገር ናት፤ ለመኝታም ደቦ ብንወጣ ያንስብናል አንልም።

በመጨረሻ፥ መሬት ላይ መተኛትን ሁልጊዜ እንደ ትሕትና የሚቆጥሩ አባቶች አሉ። ባሕታዊ መሬት ላይ ቢተኛ በፈቃዱ የተቀበለው ተጋድሎ ነው። የአብነት ተማሪም ደበሎውን አንጥፎ በሣር ላይ ቢያድር ስለ ትምህርቱ ነው። ሕፃን ልጅ ግን በረጠበ ኬሻ ላይ የሚያድረው መርጦ አይደለም፤ ለእርሱ የመረጥነው እኛ ነን። ስለዚህ በዚህ ዓመት ጥር ሠርግ ያላችሁ ቤተሰቦች ለሙሽሮቹ በብድር ትልቅ ፍራሽ ከመግዛታችሁ በፊት፥ በቤቱ ውስጥ ማን በምን ላይ እንደሚያድር በአንድ ሌሊት ዞራችሁ ቍጠሩ። ከቆጠራችሁ በኋላ ገንዘቡን እንዴት እንደምትከፋፍሉት የእኛ ምክር አያስፈልጋችሁም።

በሚመጣው ወር፥ እግዚአብሔር ቢፈቅድ፥ ጭስ ስለሚቀንስ የማድ ቤት አሠራር እንጽፋለን። እስከዚያው በሰላም እደሩ።